የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ማስታወቂያ እንዴት ስካን ይደረጋል? እንዴትስ ይመዘገባል?

ስለ ድሮ ጋዜጣና መጽሔት ማስታወቂያዎች አያያዝ ከደረሱን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አጣምረን በዚህ እትም መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ በ1950ዎቹ የታተሙ የአዲስ ዘመን ጥራዞች አሉ። ማስታወቂያዎቹን ብቻ መርጠን ስካን ልናደርግ አስበናል። በስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚለቀም የነጥብ ብዛት) ይሁን? ያለን አንድ የኤ4 ስካነርና አንድ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ነው። (ከደሴ)

መልስ፦ ማስታወቂያውን ብቻ ሳይሆን ገጹን በሙሉ አንሱ። የቀረው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ከገጹ የተነጠለ ማስታወቂያ ቀኑንም፣ የገጽ ቁጥሩንም፣ ጎረቤቶቹንም ያጣል። የልብስ ስፌት መኪና ማስታወቂያ የፊት ገጽ ላይ ከሹመት ዜና ሥር ቢወጣና መጨረሻው ገጽ ላይ ከሐራጅ ማስታወቂያዎች መሃል ቢወጣ ለተመራማሪ አንድ ነገር አይደለም። ማስታወቂያውን ለብቻ መቁረጥ ካስፈለገ በኋላ ከፋይሉ ቅጂ ላይ ይቆረጣል፤ ዋናው ፋይል ግን አይነካም።

ለጋዜጣ 400 ዲፒአይ፣ ባለ 24 ቢት ቀለም፣ ያልታመቀ ቲፍ (ጥራት የማያጣ የምስል ፋይል ዓይነት) ይበቃል። ሕትመቱ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም አንሱት፤ የወረቀቱ መወየብ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም፣ በእርሳስ የተጻፈው ዋጋ ሁሉ መረጃ ነው። በዚህ ልክ አንድ የኤ3 ገጽ 93 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 1,000 ገጽ 93 ጊጋባይት መሆኑ ነውና ሥራው ሳይጀመር የማከማቻውን ወጪ አስሉ። 48 ቢት መጠኑን በእጥፍ ያሳድገዋል፤ ለጋዜጣ ወረቀት ግን የሚጨምረው ጥቅም የለም።

የኤ4 ስካነሩን ለነጠላ በራሪ ወረቀት ተዉት። ጥራዝ ገልብጦ መስተዋት ላይ መጫን ጀርባውን ይሰብረዋል። ጥራዙን በካሜራ አንሱ፦ ካሜራው ከላይ ወደ ታች ይታሰር፤ ሁለት ተመሳሳይ መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፤ የክፍሉ መብራት ይጥፋ፤ መጋረጃው ይዘጋ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ f/8፣ ማንሻው በሰዓት ቆጣሪ ይሁን። በምታነሱት ገጽ ሥር ጥቁር ወረቀት አስገቡ፤ የጋዜጣ ወረቀት ስስ ስለሆነ የጀርባው ጽሑፍ አሳብሮ ይታያል፤ ጥቁር ወረቀት ግን ይከለክለዋል። ካሜራው ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ መሆኑን ለማረጋገጥ ትንሽ ዝርግ መስተዋት ገጹ በሚቀመጥበት ቦታ መሃል አስተኙና በካሜራው ስክሪን ተመልከቱ። የሌንሱ ነጸብራቅ ልክ መሃል ላይ ካልታየ ካሜራው ዘንብሏል ማለት ነው፤ ገጹም በአንድ ጎን ጠቦ ይወጣል።

ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የዲፒአይ ቁጥር አትመኑ። ካሜራው ርቀቱን ስለማያውቅ 72 ወይም 300 ብሎ ዝም ብሎ ይጽፋል። ከገጹ ጎን ማስመሪያ አድርጋችሁ አንሱና በፎቶው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ስንት ፒክስል እንደያዘ ቁጠሩ። 1,575 ከሆነ 400 ዲፒአይ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ (6,000 በ4,000) የኤ3 ገጽ ቢሞላም ከ340 አያልፍም። ሙሉ የጋዜጣ ገጽ ከዚያም ስለሚሰፋ ሁለት ቦታ ከፍላችሁ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አደራርባችሁ አንሱ፤ ሁለቱንም ዋና ፋይሎች አስቀምጡ፤ የተጋጠመው ምስል የመገልገያ ቅጂ ይሁን።

በጥራዙ መጋጠሚያ የተዋጠ ጽሑፍ ካለ በመጫን አታውጡት። ጥራዙን 110 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍታችሁ በስፖንጅ ወይም በካርቶን ደግፉና ገጽ በገጽ አንሱ። ስፌቱን መፍታት የጥበቃ ባለሙያ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የመኪናና የሬዲዮ ፎቶ ያለባቸው ማስታወቂያዎች ኮምፒውተር ላይ ሲታዩ እንደ ማዕበል የሚሄድ መስመር ይወጣባቸዋል። ስካነሩ ተበላሽቶ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስካነሩ ጤነኛ ነው። በጋዜጣ ላይ ያለ ፎቶ በረድፍ ከተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ስካነሩም ምስሉን በራሱ ረድፍ ይለቅመዋል። ሁለቱ ረድፎች ሳይገጥሙ ሲደራረቡ ማዕበሉ ይፈጠራል። መጀመሪያ ምስሉን በ100 ከመቶ አጉልታችሁ እዩ። ማዕበሉ ከጠፋ ችግሩ ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን በስክሪኑ ማሳነሻ ነው። ካልጠፋ እንዲህ ያለውን ገጽ በ600 ዲፒአይ ድገሙት፤ ነጥቦቹ አንድ በአንድ ሲለዩ ማዕበሉ ይሄዳል። ስካነሩ ላይ ያለውን ነጥብ ማጥፊያ ምርጫ ለዋናው ፋይል አትጠቀሙ፤ ፎቶውን ሲያለሰልስ ትናንሾቹን ፊደላትም ያደበዝዛል። «አሻሽል»፣ «አጥራ»፣ «ነጭ አድርግ» የሚሉት ሁሉ ከመነሻው ይጥፉ። የወየበ ወረቀት ወይቦ ይታይ።

ጥያቄ፦ እስካሁን 600 ገደማ ማስታወቂያዎች አሉን። በኤክሴል መመዝገብ ጀምረን በቀኖቹና በስሞቹ ተምታታብን። ምን ምን ዓምድ ያስፈልጋል? (ከአዲስ አበባ፣ የተማሪዎች ቡድን)

መልስ፦ መዝገቡ ሦስት ደረጃ ይኑረው፦ እትም፣ ገጽ፣ ማስታወቂያ። እያንዳንዱ ማስታወቂያ የራሱ መለያ ይሰጠው፤ መለያውም የፋይሉ ስም ይሁን። ቁጥር ብቻ መጠቀም ይሻላል፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል አንዳንድ የቆየ ሶፍትዌር ላይ ይበላሻል። 01-1958-04-12-03-02 ማለት፦ ጋዜጣ ቁጥር 01፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1958፣ ገጽ 3፣ በገጹ ላይ ሁለተኛው ማስታወቂያ።

ቀኑ የሚምታታበትን ምክንያት ከዚሁ ማየት ይቻላል። ኤክሴል 1958-04-12ን ሲያይ የፈረንጅ ሚያዝያ አድርጎ ይወስደዋል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ስለሆነች አይቀበላትም። ጥቅምት 30ን ሲያገኝ ደግሞ የፈረንጁ ካላንደር ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውምና እንደ ጽሑፍ ይተወዋል፤ ከዚያ በቀን ስትደረድሩ ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ይሆናል። ስለዚህ አንድም ቀን ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ጽሑፍ» ብላችሁ አስተካክሉት። ጋዜጣው ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቀን በአንድ ዓምድ፣ የተቀየረውን የጎርጎርዮስ ቀን በሌላ ዓምድ አስቀምጡ፤ ከላይ ያለው 1965-12-21 ይሆናል። ዓመቱን ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይደመራል። ከስድስት ቀን ጳጉሜ ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት ግን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይሸራተታል፤ የ1952 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1959 ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 22 ላይ 8 መደመር ይጀምራል።

የቀሩት ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦ አስተዋዋቂው ድርጅት፣ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ፣ የንግድ ምልክቱ፣ ዋና ርዕሱ እንደተጻፈ፣ ቋንቋው (አማርኛና እንግሊዝኛ አብረው ካሉ ሁለቱም)፣ ዋጋው፣ አድራሻው ከፖስታ ሣጥን ቁጥሩና ከስልኩ ጋር፣ የማስታወቂያው ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ ሥዕል ነው ወይስ ፎቶ፣ የባለቤትነት መብቱ ሁኔታ፣ መዝጋቢውና የተመዘገበበት ቀን። ፖስታ ሣጥን ቁጥርን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ግን ስሙን የለወጠን ድርጅት ለመከታተል ከሁሉ የሚረዳው እሱ ነው።

ስሞቹን በተመለከተ የድርጅትና የምርት ስሞች ለብቻ ዝርዝር ይውጣላቸው። ሲንገርና ሲንጀር፣ ፔጆና ፔዦ በአንድ ቁጥር ሥር ይሰብሰቡ፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው አጻጻፍ ግን በራሱ ዓምድ እንዳለ ይቆይ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን በተመለከተም ያው ነው። ለፍለጋ አንድ ወጥ የሆነ ዓምድ አዘጋጁ እንጂ የጋዜጣውን ፊደል አታርሙ። ለዕቃ ዓይነት ደግሞ ከ25 ያልበለጡ ምድቦች ይበቃሉ። እያንዳንዱ መዝጋቢ የራሱን ቃል የሚጨምርበት መዝገብ ከጥቂት ወር በኋላ ምንም ፈልጎ የማይገኝበት ይሆናል።

ተደጋግሞ የወጣን ማስታወቂያ በየእትሙ እንደ አዲስ አትመዝግቡት። ለዲዛይኑ አንድ ዋና መዝገብ ክፈቱና የወጣባቸውን ቀኖች ከሥሩ ደርድሩ። ዋጋው፣ አድራሻው ወይም ሥዕሉ ከተለወጠ ግን ሌላ ቅጂ ነው፤ ዋጋ መቼ እንደተለወጠ የሚታወቀው ከዚህ ነው። ሰንጠረዡን ለሌላ ፕሮግራም ስታወጡ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ የግዕዝን ፊደል ጭምር የሚይዝ የጽሑፍ ኮድ) የሚለውን ምረጡ፤ ያለዚያ አማርኛው ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከዘመድ ቤት አንድ ካርቶን ቁርጥራጭ ማስታወቂያ አገኘሁ። ቀን የለውም። ዘመኑን በምን ልወቅ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ገልብጡት። ጀርባው ላይ የተቆረጠ ዜና፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ወይም የሲኒማ ዝርዝር ይኖራል፤ ብዙ ጊዜ ቀኑ የሚገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ፊት ስካን ያድርጉ። ቀጥሎ ስልኩን ይቁጠሩ፤ የአዲስ አበባ ስልክ ሰባት አኃዝ የሆነው በ1998 መጀመሪያ ነው። ቴሌቪዥን የሚሸጥ የአገር ውስጥ ማስታወቂያ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረበት ከ1957 ወዲህ መሆኑ አይቀርም። «ንጉሠ ነገሥታዊ» የሚል ስያሜ ያለበት የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ከመስከረም 1967 በፊት የወጣ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዋጋ በኢትዮጵያ ዶላር ከሆነ ከ1937 ወዲህና የእንግሊዝኛው ስም ወደ ብር ከተለወጠበት ከ1969 በፊት ነው።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጥሙ ከ–እስከ ብለው ይመዝግቡ፤ ለምሳሌ «ከ1957 እስከ 1967»። ምክንያቱንም በማስታወሻው ዓምድ ይጻፉት። እርግጠኛ ያልሆነ ነጠላ ዓመት መጻፍ ከባዶ ዓምድ የባሰ ጉዳት አለው፤ የሚቀጥለው ሰው እውነት ብሎ ይወስደዋል።

ከተቀደደ በፕላስተር አያጣብቁ፤ ላሚኔትም አያድርጉ። የፕላስተሩ ሙጫ ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ የላሚኔሽን ሙቀትና ሙጫ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። ዝገት የያዘ ስፒልና ስቴፕለር ካለ ቀስ ብለው ያውጡ። እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ የጥጥ ጓንት ለጋዜጣ አይሆንም፣ የተሰባበረውን ጠርዝ እየያዘ ይቀደዋል። ሻጋታ ያለበትን ግን ከሌላው ለይተው በማስክና በጓንት ይንኩት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ጽሑፉን ራሱ አንብቦ እንዲጽፍልን ማድረግ ይቻላል? (ከመቀሌና ከጅማ)

መልስ፦ በከፊል። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ በንጹሕ ዘመናዊ ሕትመት ላይ ደህና ነው። ከእርሳስ ብረት በተሠራ ፊደል የተለቀመ የድሮ ጋዜጣ ላይ ግን ይደናገራል፤ በእኛ ፊደል ሰን ከሱ፣ ለን ከሉ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት፤ ቀለሙ ሳስቶ እሷ ከጠፋች ቃሉ ተለወጠ። ማስታወቂያ ደግሞ በእጅ የተሳለ ርዕስ፣ የተጠማዘዘ መስመር፣ በጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወዳል። ረጅሙን አንቀጽ ብቻ ቆርጣችሁ ስጡት፤ በጥቁር ላይ ነጭ የሆነውን መጀመሪያ ቀለሙን ገልብጡት፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ይሁን። ርዕስ፣ የድርጅት ስም፣ ዋጋና አድራሻ በሰው እጅ ይጻፉ፤ ሰው የሚፈልገውም እነዚህኑ ነው። ሁለት ነጥቡን (፡) እና የግዕዝ ቁጥሩን እንደታተመ ጻፉ፤ ፲፱፻፶፰ የሚለውን በፍለጋው ዓምድ 1958 አድርጉት።

ጥያቄ፦ ስብስቡን ኢንተርኔት ላይ ብናወጣው የመብት ጥያቄ ያስነሳል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ያስነሳል። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ የንግድ ምልክት ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። ለጥበቃ ብሎ ቅጂ መሥራትና ለሕዝብ ማሰራጨት የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ በየመዝገቡ የመብት ዓምድ ይኑር፤ ሠዓሊው ወይም ፎቶ አንሺው ከታወቀ ስሙ ይጻፍ፤ በትልቁ ከማውጣታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። የግለሰብ ስምና የቤት አድራሻ ያለባቸውን የግል ማስታወቂያዎች ከሕዝብ ገጽ አውጧቸው።

ጥያቄ፦ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የታተሙ የአማርኛ የንግድ ማውጫዎች በየቤተ ክርስቲያኑና በየሱቁ ይጣላሉ። ከብዙዎቹ ሁለት ሁለት ቅጂ አለኝ። እነሱም ይያዙ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ይያዙ እንጂ! የስደተኛውን ማኅበረሰብ ንግድ እንደ እነሱ የሚያሳይ የለም፤ ማንም ይጠብቃቸዋል ተብሎ ስለማይታሰብም ቶሎ ይጠፋሉ። ሁለት ቅጂ ካለዎት አንዱን ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ሌላውን ጀርባውን ፈትተው ገጽ በገጽ በጠፍጣፋ ስካነር ያንሱት። ወረቀቱን ራሱ እየሳበ በሚያስገባው ስካነር አያሳልፉት፤ አንጸባራቂው ወረቀት ተያይዞ ይገባና ይጨማደዳል። ከሽፋን እስከ ሽፋን ይሁን፤ ባዶ ገጹም ሳይቀር። ዓመት ያልተጻፈበት ካለ ስልኮቹን ይዩ፦ የሜሪላንዱ 240 ሥራ ላይ የዋለው በ1997፣ የቨርጂኒያው 571 ደግሞ በ2000 ነው፤ ሁለቱም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር። ሲያስቀምጡ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ይሁን። ፍላሽ ዲስክ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም። ፋይሎቹን እንዳስገቡ የእያንዳንዱን የማረጋገጫ ቁጥር በሻ-256 (SHA-256፣ ከፋይሉ ይዘት መለያ ቁጥር የሚያወጣ ስሌት) አውጥተው ይያዙ፤ በየስድስት ወሩ ደግመው ሲያወጡት አንድ አኃዝ እንኳ ከተለየ ያ ፋይል ተበላሽቷልና ከሌላው ቅጂ ይተኩት።