ሥዕል የሚናገረውን ለሥዕል መተው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ልጆች መጻሕፍት አጻጻፍና አሣሣል ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል በዚህ እትም ሦስቱን አቅርበናል። መልስ የሚሰጡት በደብረ ማርቆስ ሆነው ለልጆች የሚጽፉትና የሚሥሉት የዓምዱ አዘጋጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ደንገል አጭዶ ታንኳ ስለሚሠራ አባትና ስለ ልጁ አጭር ታሪክ ጽፌያለሁ፤ ሥዕሉንም ራሴ ለመሥራት አስባለሁ። ጽሑፉን ፈጽሜ ወደ ሥዕሉ ልግባ ወይስ ሁለቱን ጎን ለጎን ላስኪዳቸው? እርስዎስ የሥራ ቀንዎን እንዴት ያሳልፋሉ?

መልስ፦ ጽሑፉን ያስቀድሙ፤ ሥዕሉ ሲገባ ግን ጽሑፉ እንደገና እንደሚቀነስ ከወዲሁ አውቀው ይጀምሩ። ባለ ሥዕል የልጆች መጽሐፍ አንዱን ታሪክ ሁለት ተራኪዎች ተካፍለው የሚያወሩት ሥራ ስለሆነ፣ አንደኛው የተናገረውን ሌላው ከደገመው ልጁ ገጹ ላይ የሚቆይበት ምክንያት ያጣል። ከላኩልን ታሪክ ጥቂት መስመር ልውሰድ፦ «አባትየው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ከሐይቁ ዳር ቆሟል። ደንገሉ ከቁመቱ ይበልጣል። ዛሬ ግን እንደ ወትሮው አላንጎራጎረም።» ሸሚዙን፣ ሐይቁንና የደንገሉን ቁመት ሥዕሉ በአንድ እይታ ይነግረናል፤ አባትየው ዝም ማለቱን፣ ያውም ዝምታው ያልተለመደ መሆኑን ግን ቀለም ሊናገረው አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰርዘው ሦስተኛዋን ይተዉ። በእኔ ግምት ከጻፉት ሁሉ የምትልቀውም እርሷ ናት። እኔም ረቂቄን ከጨረስሁ በኋላ ዓይን የሚያየውን ሁሉ፣ የልብሱን ቀለም፣ የቤቱን ዓይነት፣ የሰማዩን ሁኔታ እያወጣሁ፣ ድምፅን፣ ሽታን፣ ሐሳብንና የሰዎቹን ንግግር አስቀራለሁ።

ቀጥሎ የሚመጣው የገጽ ጉዳይ ነው። አንድ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ የልጆች መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 16፣ 24 ወይም 32 ገጽ ይሆናል፤ ከእነዚህም ላይ የርእሱና የመብት መግለጫው ገጾች ይቀነሳሉ። ተራ ወረቀት አጥፈውና በመርፌ ሰፍተው የመጽሐፉን ናሙና በእጅዎ ይሥሩ፣ ጽሑፉንም በእርሳስ በየገጹ ያከፋፍሉት። ልጁ ታንኳው ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅበት ቦታ በቀኝ ገጽ ግርጌ፣ መልሱም ቅጠሉ ከተገለጠ በኋላ ቢውል፣ አንባቢው በገዛ እጁ ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል። ይህ በናሙናው ላይ ካልታየ በስተቀር በኮምፒውተር መስኮት ላይ ፈጽሞ አይታይም።

የፊደሉን ቦታ አስቀድመው በንድፉ ላይ ይከልሉ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት አጭር ጭረት የምታርፍበት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ጽሑፉ በሣርና በቅጠል በተሞላ ሥዕል ላይ ሲያርፍ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ያለ ልጅ ጭረቷን ከሣሩ መለየት ያቅተዋል። ብዙ ውብ ሥዕሎች በዚህ ምክንያት የማይነበቡ ገጾች ሆነው አይቻለሁ፤ እጅግም ያሳዝነኛል፤ የሚጎዳው ማንበብ የከበደው ልጅ ነውና።

ታንኳውን ከፎቶግራፍ አይሣሉት። እርስዎ የሚኖሩት ጣና ዳር ነው፤ ሄደው ደንገሉ በነዶ በነዶ ሲታሰር፣ አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና፣ ቀዛፊውም የት ላይ ተቀምጦ እንደሚቀዝፍ በእርሳስ ይያዙ። የዘጌ ልጅ መጽሐፉን ሲያየው አስቀድሞ የሚመረምረው ማሰሪያውን ነው። በዚያው ወደ ዘጌው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ጎራ ቢሉ፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት የቀድሞ ሠዓሊዎች ፊደል ላልቆጠረ ሕዝብ ረጅም ታሪክ በተከታታይ ሥዕል እንዴት እንደ ተረኩ ይመለከታሉ። ቅዱሳኑን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሏቸው ስለነበር፣ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ያለ አንዳች ቃል ይለያል። መልካቸውን እንዲቀዱ አይደለም ይህን ማለቴ፤ ታሪክን በየትዕይንቱ የከፈሉበትን ዘዴ እንዲያጠኑልኝ ነው።

ስለ ሥራ ቀኔ ለጠየቁኝ፣ ጠዋቱን ለቀለም እሰጣለሁ፤ በመብራት የተቀባ ቀለም በፀሐይ ሲታይ ሌላ ሆኖ ይገኛልና። ከሰዓት በኋላ እጽፋለሁ፣ አለዚያም ረቂቁን ለልጆች ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ዓይናቸው ከእኔ ተነሥቶ ወደ መስኮት የሚሄድበትን መስመር በኅዳጉ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ፤ ከየትኛውም አርታዒ የተሻለ ያርሙኛል። የቀረው ጊዜ ለማተሚያ ቤት ዝግጅት ይውላል። ሥዕሉ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ስካን ይደረጋል፣ ከመቁረጫው መስመርም በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር እንዲያልፍ ይደረጋል። በኮምፒውተሩ ላይ የሚያበራው የክረምት አረንጓዴ በአራቱ የኦፍሴት ማተሚያ ቀለሞች ሲታተም ስለሚደበዝዝ፣ የሙከራ ቅጂ ሳያዩ ለኅትመት እንዳይፈቅዱ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቢቸና ነው። የ11 ዓመት ልጄ ደብተሯን ሁሉ ሥዕል ሞላችው። ትምህርቷን ይጎዳባታል ብዬ ልከልክላት? እንጀራስ ይወጣዋል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አይከልክሏት። ለሥዕል ብቻ የሚሆን ሌላ ደብተር ይግዙላትና የትምህርቱ ደብተር ለትምህርት ይቅር። ከሌላ ሥዕል ከመቅዳት ይልቅ ፊት ለፊቷ ያለውን፣ ዶሮዋን፣ ምጣዱን፣ ቡና የምትቆላ ሴት እጅ እንድትሥል ያበረታቷት። እንጀራን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎ፦ በአገራችን በልጆች መጽሐፍ ገቢ ብቻ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን እያስተማርን ወይም ለመማሪያ መጻሕፍት እየሣልን ኑሯችንን እንደጉማለን። እርሷ ግን ገና ልጅ ናት፤ ዛሬ የሚያስፈልጋት ወረቀትና ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ በቡሬ የምኖር ወጣት ሠዓሊ ነኝ። አንድ ድርጅት ለልጆች መጽሐፍ የሚሆኑ ሥዕሎች አዞኝ ግማሹን አስረክቤያለሁ። የጽሑፍ ውል የለንም። አሁን ሥዕሎቹ ለዘለቄታው የእኛ ናቸው ይሉኛል። እውነት ነውን?

መልስ፦ ጉዳዩ የሚታየው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ሥዕልን እንደ ጽሑፍ ሁሉ ይጠብቃል፤ የኢኮኖሚ መብቱም፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ በሥራው አመንጪ ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሆኖም ብዙ ሠዓሊዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ የሚሆነው ለአዛዡ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ የሚለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም፤ ውል ሳይያዝ እርሳስ ማንሣት የሚያስከትለው ጉዳት ይኸው ነው። በሥራው ላይ በስምዎ የመጠራት መብትዎ ግን ከገንዘቡ የተለየ ነው፤ ስምዎ በመጽሐፉ ላይ እንዲወጣ ያለ ማወላወል ይጠይቁ።

ገና ያላስረከቡት ግማሽ ሥዕል በእጅዎ ስላለ ለመነጋገር ጊዜው አላለፈም። በትሕትና፣ ነገር ግን በጽሑፍ፣ ሥዕሎቹ ለየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቋንቋና ለስንት ቅጂ እንደሚውሉ፣ መጽሐፉ ዳግም ሲታተም ምን እንደሚከፈልዎ፣ በእጅ የተሣሉት ዋና ወረቀቶች መቼ እንደሚመለሱልዎና ስንት ጊዜ እርማት የመቀበል ግዴታ እንዳለብዎ ዘርዝረው ያቅርቡላቸው። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩ። የቀሩትን ሥዕሎች የሚያስረክቡት ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ወረቀት በእጅዎ ከገባ በኋላ ይሁን።