ህልም ላይ ፍሬን መያዝ ይቻላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ መንጃ ፈቃድ ላወጣ እየተማርኩ ነው፣ ማታ ማታ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ እያለኝ እየጮህኩ ነው የምነቃው። ጓደኛዬ ህልምህን ተቆጣጠረው፣ እንደውም እዛው ተለማመድበት ይለኛል፣ የምሩን ነው ወይስ እየቀለደብኝ?

መልስ፦ የምሩን ነው ወንድሜ። በ1975 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ሀገር ሀል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኪት ሄርን የሚባል ተመራማሪ ሞክሮታል፣ የተኛው ሰውዬ ህልም ላይ እንዳለ ገብቶት ቀድመው በተስማሙት መሰረት አይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ምልክት ሰጠው። አንተ ቀን ቀን የሞባይልህን ሰዓት አየት አድርገህ ዞር በልና ድገመው፣ ህልም ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ይቀያየራል፣ ነገሩ ልማድ ሲሆንብህ ህልምህም ውስጥ ታደርገዋለህ፣ ያኔ ሳትነቃ ህልም መሆኑ ይገባሃል። ስትተኛም "ፍሬኑ እምቢ ሲል ህልም መሆኑን አውቃለሁ" እያልክ ተኛ። ከዛ ቁልቁለቱን ሜዳ አድርገው (እኔ ብሆን ወርጄ ሻይ እጠጣለሁ)። ልምምዱን በተመለከተ፣ ህልማቸው ላይ ሳንቲም ኩባያ ውስጥ መወርወር የተለማመዱ ሰዎች ነቅተው ሲሞክሩት ተሻሽለው ተገኝተዋል፣ የኋላ ማርሹን ግን ከአስተማሪህ ጋር ብትጨርሰው ይሻልሃል። እንቅልፍ ከነሳህ ተወው፣ ቅዠቱ ከእውነተኛ አደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ ደሞ ለብቻህ አትታገል፣ የስነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂድ።