የፋርስ ምንጣፍ ጥገና ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ከሻርጃ የደረሰኝ ደብዳቤ አጠር ሲል እንዲህ ይላል።

«ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተማርኩ፤ ሥራ ሳጣ ወደዚህ መጣሁ። አሁን የኢራን ምንጣፍ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ሥራዬ መሸከም፣ ለደንበኛ መዘርጋትና መልሶ መጠቅለል ነው። ሲሸጥ ትንሽ ኮሚሽን አገኛለሁ። ባለቤቱ የኢራኗ ታብሪዝ ከተማ ሰው ነው። ጠጋኛችን አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። ባለቤቱ ‹እጅህ ጥሩ ነው፤ ከእሱ ጋር ቁጭ በልና ተማር› አለኝ። ግን እስክለምድ ድረስ ኮሚሽኑ ይቀርብኛል። ጓደኞቼ ‹በዚህ ዘመን ምንጣፍ? ዳታ አናሊስት ኮርስ ውሰድ› ይሉኛል። እህቴ ቨርጂኒያ ናት፤ ፕሮሰሱ ከተሳካ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ምን ትመክረኛለህ?»

ወንድሜ፣ ሳላንዛዛ ልንገርህ፤ ዕድሉን ያዘው። ኮሚሽኑን ግን ሙሉ በሙሉ አትልቀቅ። ምክንያቱን ላስረዳህ።

መጀመሪያ በዚህ ሙያ ገንዘቡ የት እንዳለ እንይ። የሱቁ ባለቤት «ሃምሳ ራጅ» ሲል ሳትሰማው አትቀርም። በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ 50 ቋጠሮ አለ ማለቱ ነው። በካሬ ሜትር ስናሰላው ወደ 510,000 ቋጠሮ ይመጣል። 2 በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ ከ3 ሚሊዮን በላይ ይይዛል። አንዲት ቀልጣፋ ሠራተኛ በቀን 10,000 ብትቋጥር እንኳ ብቻዋን ከ300 ቀን በላይ ይፈጅባታል። አሁን የምንጣፉን ዋጋ ውሰድ። ባለሱቁ፣ አስመጪው፣ አጓጓዡ የየድርሻቸውን ካነሱ በኋላ የተረፈውን ለ300 ቀን አካፍለው። ቀኑ በስንት እንደሚወጣ ይገባሃል። እናንተ ሰፈር ድሩ ላይ የሚቀመጠው ወንዱ ነው፣ ሴቷ ትፈትላለች። ኢራን ውስጥ በአብዛኛው የምትቋጥረው ሴቷ ናት፤ ድካሙም ዋጋ ማጣቱም የእሷ ነው። ዩኔስኮ በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) የካሻንንና የፋርስ ክፍለ ሀገርን የምንጣፍ ሥራ ጥበብ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቧል። ክብር ነው፣ ደስ ይላል። የሠራተኛዋን የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም።

ስለዚህ አዲስ ምንጣፍ ሠርቼ እኖራለሁ ብትለኝ ኖሮ «ተው» እልህ ነበር። የቀረበልህ ግን ሌላ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ሻጭም ገዥም የሚፈልገው ሰው አለ። «ይህ የየት ነው? ስንት ዘመኑ ነው? የቱ ቦታ ተነካክቷል? ተጠግኖ ያወጣል ወይ?» ሲባል አፉን ሞልቶ የሚመልስ ሰው። ያንን ዓይን የሚያወጣው የጥገና ወንበር ነው። ሻጭ የሚያየው ፊቱን ነው፣ ጠጋኝ ግን ሆዱን ይከፍታል።

ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ቀዳዳ ላሳይህ። የምንጣፍ ጥግ በአይጥ ተበልቶ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ተፈጠረ እንበል። ያልለመደ ሰው ክር ያመጣና ጠጉሩን (ከፊት የቆመውን የቋጠሮ ክር) ለመሙላት ይቸኩላል። ሽማግሌው ግን ምንጣፉን ገልብጦ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ድሩ ነው የሚመለሰው። አዲሱ የድር ክር በመርፌ ይገባል፤ ከቀዳዳው ጠርዝ አልፎ ጤነኛው ሥራ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዘልቆ ካልያዘ ሲረገጥ ይመዘዛል። ውጥረቱ ከነባሩ ድር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከጠበቀ ቦታው ይጨማደዳል፣ ከላላ ያብጣል። ከዚያ ማጉ ይከተላል። ቋጠሮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ላይ የአባትህ ልጅ መሆንህ ይጠቅምሃል። የድር ውጥረትን በጣት ማወቅ ኮርስ ገብተው በሳምንት የሚያገኙት ነገር አይደለም።

ቋጠሮው ላይ ተጠንቀቅ። መምህርህ የታብሪዝ ልማድ ያለው ከሆነ የሚያስተምርህ የቱርክ የሚባለውን ቋጠሮ ይሆናል፤ ክሩ ሁለቱን ድሮች እኩል ያቅፋል፣ በቆልማማ ቢላ ነው የሚሠራው። የካሻን፣ የኢስፋሃን፣ የናይንና የቁም ሥራ ግን የፋርሱ ነው፤ ክሩ አንዱን ድር ይጠቀልልና በሌላው ጀርባ ብቻ ያልፋል። ወደ ግራ የሚከፈት አለ፣ ወደ ቀኝ የሚከፈትም አለ። የኢስፋሃንን ቀዳዳ በታብሪዝ ቋጠሮ ብትደፍነው ከፊት ላይታወቅ ይችላል፣ ጀርባውን ያየ ባለሙያ ግን ወዲያው ይይዝሃል። ስለዚህ ሁለቱንም ተማር። ጁፍቲ የሚሉትንም እወቅ። ይህ በሁለት ድር ፋንታ በአራት ድር ላይ የሚታሰር የማጭበርበሪያ ቋጠሮ ነው። ሥራውን በግማሽ ይቀንሳል፣ ጠጉሩ ግን ይሳሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ጀርባው ላይ ወደ ጎን ሰፋ ብሎ ይታያል።

የጠጉሩን አቅጣጫም አትርሳ። ጠጉሩ ሥራው ወደተጀመረበት ጫፍ ይተኛል። ለዚህ ነው አንተ ስትዘረጋው ከአንድ ወገን ደመቅ፣ ከሌላው ጠቆር የሚለው። መጠገኛው በተቃራኒው ከተኛ፣ ቀለሙ ልክ ቢሆንም ብርሃን ሲመታው እንደ ጥፍር ምልክት ይለያል።

ቀለም ከሁሉም ይከብዳል። ድሮ ቀዩ ሩናስ ከሚሉት የተክል ሥር፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቡናማው ከዋልነት ልጣጭ ይወጣ ነበር። የሮማን ልጣጭም ነበረበት። የአንድ ቀን ንከር ከሌላው ቀን ስለማይገጥም በአንድ ምንጣፍ ውስጥ ሰማያዊው ደረጃ ደረጃ እያለ ይሄዳል። አብራሽ ይሉታል። ደንበኛ እንከን ይመስለዋል፤ አስረዳው። ብረት የገባበት ጥቁር ቡናማ ደግሞ ሱፉን ይበላዋል፤ አሮጌ ምንጣፍ ላይ የጥቁሩ መስመር ብቻ ጎድጎድ ብሎ ካገኘኸው ከዚህ ነው። አዲስ የተነከረ ክር አሮጌውን አይመስልም። ጠጋኞች ያረጁ፣ ዋጋ የሌላቸው ኪሊሞችን (ቋጠሮና ጠጉር የሌላቸው ስስ ምንጣፎች) እየፈቱ ክራቸውን የሚያጠራቅሙት ለዚሁ ነው። አንተም ከዛሬ ጀምረህ የክር ሳጥን ይኑርህ።

ታሪኩን ለምን ልማር ትለኝ ይሆናል። ለወሬ ማሳመሪያ ብቻ እንዳይመስልህ፤ እጅህ ላይ የሚወድቀው ዕቃ ከየት እንደመጣ ይነግርሃል። ከሚታወቁት የቋጠሮ ምንጣፎች ሁሉ የሚያረጀው ፓዚሪክ የሚባለው ነው። በ1949 በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ በረዶ በሞላው መቃብር ውስጥ ተገኘ። ወደ 2,400 ዓመት ገደማ ይገመታል፤ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ነው ያለው። የት እንደተሠራ እስካሁን ይከራከሩበታል፤ ነጋዴ «የፋርስ ነው» ብሎ ቢምልልህ ዝም ብለህ ስማው። ከዚያ ኢራንን የገዙት የሳፋቪድ ነገሥታት ዘመን ይመጣል። የአርዳቢሉ ምንጣፍ ላይ የማቅሱድ ካሻኒ ስምና የሂጅራ 946 ዓመት ተጽፏል፤ 1539 ወይም 1540 መሆኑ ነው። ርዝመቱ ከ10 ሜትር ይበልጣል፣ ቋጠሮው ወደ 26 ሚሊዮን ይጠጋል። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1893 በ2,000 ፓውንድ ገዛው።

የዚህ ምንጣፍ ታሪክ ግን በቀጥታ አንተን ይመለከታል። ምንጣፎቹ ሁለት ነበሩ፣ መንትያ። ሁለቱም ተጎድተው ስለነበር አንደኛውን ሙሉ ለማድረግ ከሌላው እየቆረጡ ጠገኑት። የተቆረጠው ጠርዙን አጥቶ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሙዚየም ውስጥ አለ። ጥገና እንዲህ ሊያድንም ሊያጠፋም ይችላል። አንድ ቀን ነጋዴ ሁለት የቆሰሉ ምንጣፎች አምጥቶ «ከዚህ ቆርጠህ እዚያ ግጠም» ይልሃል። ምን እንደምትመልስ ከአሁኑ አስብበት።

ሳፋቪዶች ኢስፋሃን በ1722 ስትወድቅ አብረው ወደቁ፣ የቤተ መንግሥቱ ሥራም ተቀዛቀዘ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታብሪዝ ነጋዴዎች ወደ አውሮፓ መላክ ሲጀምሩ፣ የማንቸስተሩ ዚግለር ኩባንያም ሱልጣናባድ (የዛሬዋ አራክ) ሲገባ እንደገና አንሰራራ። ሱቃችሁ ውስጥ «አንቲክ» የሚባለው በአብዛኛው የዚህ ዘመን ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ርካሹ የኬሚካል ቀለምም የገባው በዚያው ጊዜ ነው። የጠጉሩን ጫፍና ሥሩን አነጻጽር፤ ሥሩ ላይ ደማቅ ሐምራዊ፣ ጫፉ ላይ አመድ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ የኬሚካል ቀለሞች ሥራ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጨርቅ አርጥበህ ቀስ ብለህ ጥረግ፤ ቀለም ከሰጠህ ገና ሳትነካው ለምንጣፉ ባለቤት ንገር። ካጠብከው በኋላ ብትናገር ማን ያምንሃል?

አሁን ወደ ገበያው። ንግዱ ደህና ነው ብዬ አላታልልህም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኢራን በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ምንጣፍ ትልክ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ጥላ ነው የቀረው። አሜሪካ የኢራን ዕቃ እንዳይገባ በ1987 አገደች፣ በ2000 ለምንጣፍ ከፈተች፣ በ2010 ዘጋች፣ በ2016 ከፈተች፣ በ2018 መልሳ ዘጋች። ስለዚህ ቨርጂኒያ ሄጄ አዲስ የኢራን ምንጣፍ እያስገባሁ እሸጣለሁ የሚለውን እርሳው። ግን ልብ በል፤ ከእገዳው በፊት የገባው ምንጣፍ እዚያው የሰው ቤት ውስጥ አለ። ውሻ ይበላዋል፣ ብል ይገባበታል፣ ቧንቧ ይፈስበታል። አዲስ መግባቱ በቆመ ቁጥር አሮጌውን ማስጠገኑ ይበዛል ብዬ ነው የማስበው። በ2013 አንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የከርማን ምንጣፍ ኒው ዮርክ ሶዝቢስ ጨረታ ላይ 33.7 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። እሱን ለወሬ ተወው። አንተን የሚያበላህ የአንዲት ሴትዮ የሳሎን ምንጣፍ ነው።

ሙዚየም መግባት ካማረህ መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ቋጥረህ አትሞላም፤ ባለበት እንዳይባባስ ታደርገዋለህ እንጂ። ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲና በዊንተርተር ሙዚየም የሚሰጠው ፕሮግራም ለምሳሌ ኬሚስትሪ የተማረ ይፈልጋል። ዋሽንግተን ላይ፣ ለእህትህ ቅርብ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ። ከሄድክ መጀመሪያ እዚያ ጎራ በል። የምህንድስና ዲግሪህን ያኔ ታወጣዋለህ፤ ትራንስክሪፕትህን አሁኑኑ አስልክና በእጅህ ያዝ።

አገር ቤት ተመልሶ መሥራትስ? ለዚህ ሙያ ብቻ ከሆነ ገበያው ጠባብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በአብዛኛው የማሽን ምንጣፍ ነው ያነጠፈው። የመንዝ ሱፍና ባና የሚያውቅ ሰው ግን ቋጠሮ ቢጨምርበት የሆነ ነገር ሊወጣው ይችላል። ይህን ለኋላ አቆየው።

ስለ ዳታ አናሊስቱ፦ ኮርሱ መጥፎ አይደለም፣ ነገም ይኖራል። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ግን ነገ ላይኖር ይችላል። ማታ ማታ ኤክሴል ተማር፣ ይበቃሃል። የጠገንከውን ሁሉ ከጥገናው በፊትና በኋላ፣ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሳ፤ ልኩን፣ ቋጠሮውን፣ የፈጀብህን ሰዓት መዝግብ። ቨርጂኒያ ላይ «ልምድ አለህ?» ስትባል የምታሳየው ይህን ነው። ሽማግሌው የምስክር ወረቀት አይሰጥህም።

ከባለቤቱ ጋር የምትነጋገረው ይህን ነው። ኮሚሽኑ በሙሉ አይቅር፤ ሱቁ በሚበዛበት ሰዓት፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ ማታ፣ ሽያጭ ላይ ልቁም በለው፤ በሥራ ቀናት ጠዋት ጥገና። መማሪያው ጊዜ ማለቂያ ይኑረው፤ ከስድስት ወር በኋላ ራስህ ከጠገንከው ድርሻ ይታሰብልህ። ይህ በቃል አይቅር፣ ይጻፍ። የሥራ ፈቃድህ ላይ የሙያ መጠሪያህ ምን እንደሚል እይ፤ «ጫኝ» የሚል ከሆነ እንዲቀየር ጠይቅ። ፓስፖርትህ አንተ ጋ ይሁን። ቀለምና የብል መድኃኒት የምትነካበት ክፍል መስኮት ይኑረው። መብራቱ ጥሩ ይሁን፣ በየሰዓቱ ተነስተህ ሩቅ ተመልከት፤ የመምህርህ ዓይን እንዴት እንደደከመ እያየህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዕረፍት ቀን ስታገኝ አቡ ዳቢ፣ ሼክ ዛይድ መስጊድ ሂድ። 5,627 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ምንጣፍ ወደ 1,200 የሚሆኑ የኢራን ሠራተኞች ናቸው የቋጠሩት፤ ከ2.2 ቢሊዮን ቋጠሮ በላይ ነው። ያን የሚያህል ነገር በአንድ ማዕቀፍ ላይ አይሠራም። በክፍል በክፍል ተሠርቶ መጥቶ እዚያው ነው የተጋጠመው። ሌላው ሰው ሻንደሊየሩን ሲያይ አንተ ጎንበስ ብለህ መጋጠሚያውን ፈልግ። ካገኘኸው እንዴት እንደተሰፋ ሽማግሌውን ጠይቀው።

የስምምነቱን ወረቀት ሲሰጡህ ሳትፈርም ፎቶውን ላክልኝ፤ አየዋለሁ።