ስልኩ ኪስ ሲገባ የሚቆመው ሥራ

ጥያቄ፦ የሱቅ ሽያጭ መዝግቦ በየ5 ደቂቃው ወደ ሰርቨር የሚልክ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ስሞክረው ያለ እንከን ይልካል፤ ባለሱቆቹ ዘንድ ግን ስክሪኑ ከጠፋ ለሰዓታት ዝም ይላል። ስሕተቱ የት ነው?

መልስ፦ ኮዱን ከመበርበርዎ በፊት፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ስልክ በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተያያዘ፣ ማለትም ቻርጅ እየተደረገ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ የመጣው ዶዝ የተባለ የባትሪ ቁጠባ የሚነሣው ስልኩ ከቻርጀር ተነቅሎ፣ ስክሪኑም ጠፍቶ ሲቆይ ነው፤ ያን ጊዜ መተግበሪያዎች ኔትወርክ ይነፈጋሉ፣ ሥራቸውም አልፎ አልፎ ወደሚከፈት አጭር ጊዜ ይገፋል። ችግሩን የደበቀብዎ ያው ኬብል ነው።

5 ደቂቃውን ይተዉት። ወርክማኔጀር (መተግበሪያው ባይከፈትም ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎችን ወረፋ የሚያስይዝ የአንድሮይድ መሣሪያ) ለተደጋጋሚ ሥራ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ልዩነት 15 ደቂቃ ሲሆን እሱም በሰዓቱ ለመድረሱ ዋስትና የለውም። እኔ ብሆን እያንዳንዱን ሽያጭ በቅድሚያ ስልኩ ውስጥ ባለው ዳታቤዝ አስቀምጬ፣ ወዲያው «ኔትወርክ ሲኖር» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው የአንድ ጊዜ ሥራ ወረፋ አስይዛለሁ፤ ወረፋው ስልኩ ጠፍቶ ቢበራ እንኳ አይጠፋም። የ15 ደቂቃው ተደጋጋሚ ሥራ ለመጠባበቂያ ብቻ ይቀመጥ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግን ድግግሞሹን ነው። የ2 ኪሎ ስኳር ሽያጭ ተልኮ ሰርቨሩ መዘገበው እንበል፤ መልሱ ስልኩ ጋ ሳይደርስ ኔትወርኩ ቢቋረጥ፣ ሥራው እንዳልተሳካ ተቆጥሮ እንደገና ይላካል፣ ሂሳቡም 4 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ስልኩ ራሱ ልዩ መለያ ቁጥር ይስጠው፤ ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ዳግም ሲያይ አዲስ መዝገብ ሳይከፍት «ደርሶኛል» ብቻ ይበል።

ትክክለኛ ሰዓት የሚጠብቀውን አላርም ለዚህ አይጠቀሙ፤ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ባትሪም ይጨርሳል። አንዳንድ አምራቾች የጨመሩት የራሳቸው ባትሪ ቆጣቢ ደግሞ ከዶዝም የከፋ ስለሆነ፣ ባለሱቁ በሴቲንግ ውስጥ መተግበሪያዎን ከቁጠባው እንዲያወጣው ከማስረዳት በቀር በኮድ ብቻ የሚገኝ አስተማማኝ መፍትሔ የለም።

ለሙከራ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ አያስፈልግዎትም፤ በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር ሆነው በሚያዙበት መሣሪያ) ትእዛዝ ስልኩ ከቻርጀር የተነቀለ እንዲመስለው ካደረጉ በኋላ በግድ ዶዝ ውስጥ ያስገቡት፣ ሦስት ሽያጭ መዝግበው ስክሪኑን ያጥፉ፣ ከዶዝ ሲያወጡትም ሦስቱ ሰርቨሩ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ መድረሳቸውን ይቁጠሩ።