ስለ ሶቭየት ወታደር ልብስና ትጥቅ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

የምመልሰው ስለ ተራው ወታደር ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1969 የመለዮ ለውጥ እስከ 1991 ድረስ ስላለው። የጄኔራሎቹ ሜዳይ ሌላ ቀን ይሁን።

ጥያቄ፦ እውነት ካልሲ አልነበራቸውም?

መልስ፦ ከረጅሙ ቡትስ ጋር አያደርጉም ነበር። በምትኩ ፖርትያንካ ይጠመጥማሉ፦ 35 በ90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ጨርቅ፤ ለሙቀት ስስ ጥጥ፣ ለብርድ ወፈር ያለ። እግርህን በጨርቁ አንድ ጫፍ ላይ በሰያፍ ታሳርፋለህ፣ ጥጉን በጣቶችህ ላይ አጥፈህ ከውስጥ እግርህ ሥር ትሸጉጣለህ፣ የቀረውን እየወጠርክ በተረከዝና በቁርጭምጭሚት ትጠመጥማለህ። አንዲት እጥፋት ከቀረች ጉዞው ሳያልቅ እግርህ ውኃ ይቋጥራል። ብዙ ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ግን ብልህ ነገር ነው እላለሁ። ሲረጥብ ገልብጠህ ደረቁን ጫፍ ወደ እግርህ ታመጣዋለህ። በካልሲ ይሄ አይሞከርም። የሩሲያ ጦር የተወው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ ቡትሱስ ቆዳ ነው?

መልስ፦ የታችኛው ክፍል ብቻ። ቅልጥሙን የሚሸፍነው ኪርዛ ነው፤ ድርብርብ የጥጥ ጨርቅ ጎማ ነክ ነገር ጠጥቶ። ቆዳ በጠፋበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተስፋፋ፤ አሻሽሎ ለሥራ ያበቃው ኢቫን ፕሎትኒኮቭ በ1942 የስታሊን ሽልማት አግኝቶበታል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ላይ ከኮሌታው ጫፍ ብቅ የሚለው ነጭ መስመር ለማማር ነው?

መልስ፦ ለንጽሕና ነው። ወፍራሙ ኮሌታ አንገት ይልጣል፣ ላብና እድፍ ሲጨመርበት ብጉንጅ ያወጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይሰፉበታል፤ ጠዋት አለቃው አንገት አንገታቸውን እያየ ያልፋል። ቆባቸውን ብትገለብጥ ደግሞ ውስጡ መርፌዎች ተሰክተው ታገኛለህ፤ በነጭ፣ በጥቁርና በአረንጓዴ ክር ተጠምጥመው።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ መስመር ያለውን ከነቴራ ሁሉም ይለብስ ነበር?

መልስ፦ የለም። ፈካ ያለው ሰማያዊ የአየር ወለድ፣ ጠቆር ያለው የባሕር ኃይል ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ ከሶቭየት ትምህርቱ ሲመለስ ያመጣው ባለኮከብ የናስ ዘለበት ጎብጧል። ሐሰተኛ ይሆን? ላቃናው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳታቃናው! መጉበጡ የሐሰት ምልክት አይደለም። አገልግሎቱ ሁለት ዓመት ነበር፤ አዲሱ ምልምል ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ ይታጠቃል፣ ነባሩ ዘለበቱን ሆን ብሎ አጉብጦ ወደ ታች ያንጠለጥለዋል። ማን ነባር እንደሆነ ከሩቅ የሚታወቀው በዚያ ነው። ጀርባውን ገልብጠህ የፋብሪካ ማህተም ፈልግ። የሚወለውሉት ጎይ በሚባል አረንጓዴ ቅባት ነበር፤ አንተ ግን በደረቅ ጨርቅ ከመጥረግ አትለፍ።

ጥያቄ፦ ትንሿ አካፋ ለመቆፈር ብቻ ነበረች?

መልስ፦ ጠቅላላ ርዝመቷ 50፣ የብረቱ ወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ እንደ ሜትርም ይለኩባታል። ጠርዟ ስለሚሳል ለጨበጣ ውጊያም ትሆናለች። በሚያዝያ 1989 እ.ኤ.አ. በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ላይ ሰልፈኞች በወታደሮች ተመትተውባታል፤ ስሟ ከዚያ ወዲህ ክፉኛ ጠቆረ።

ጥያቄ፦ አፍጋኒስታን ላይም ይህንኑ ታጥቀው ነበር?

መልስ፦ በወረቀት፣ አዎ። ተራራ ላይ ግን ብዙዎቹ ቡትሱን በሸራ ጫማ ቀየሩት። ለጥይት ካዝና መያዣም ከሙጃሂዲን፣ ከሚዋጓቸው የአፍጋን ታጣቂዎች፣ የማረኩትን የቻይና የደረት ዝናር ያደርጉ ነበር፤ ያላገኘው ራሱ ይሰፋል።