ቅልጥፍና ስንል

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሕፃናት ክፍል። ሥራ ለምትጀምሩ ስለ አንድ ቃል ልንገራችሁ። ቅልጥፍና።

አሁን አሁን ይህ ቃል የቢሮ ግድግዳ ላይ ነው የሚገኘው። «ቀልጣፋ አገልግሎት» ይላል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ፍጥነት ብቻ ይመስላችኋል። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ግን የሰፈሩ ሰው ቀልጣፋ ይላት ነበር፤ ስትጣደፍ አይቻት አላውቅም። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ ወደ መሀል ታዞረዋለች። እጇ ያለፈበትን አይደግምም። የዚህ ተቃራኒ አፍሶ መልቀም ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ልጅ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገና ጀማሪ ሳለሁ ተቅማጥና ትውከት ያደከመው ሕፃን መጣ። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሊሰጠው ነው። ተጣደፍኩ። ክንዱን አስሬ ፕላስተር ፍለጋ ሄድኩ። ተመልሼ ወጋሁት፤ ሳትኩ። ደገምኩ። አራት ጊዜ ወጋሁት። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አንዲት አንጋፋ ሲስተር መጣች። መጀመሪያ ማሰሪያውን ፈታች። ፕላስተሩን ቆርጣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ለጠፈች። ቢጫውን ካኑላ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን የትንንሾቹን ቀጭን ቱቦ፣ አዘጋጀች። የልጁን እጅ በመዳፏ ይዛ አሞቀችው። ከዚያ ነው መልሳ ያሰረችው። በዓይኗ ብቻ አልተማመነችም፤ ደም ሥሩን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች። ደም ሥር ሲጫኑት ለስላሳ ነው፣ ሲለቁት ተመልሶ ይሞላል። ጅማት እንደ ገመድ ይደርቃል። ከሥሩ የሚመታ ነገር ካለ ደም ቅዳ ነው፤ አይነካም። አንዴ ወጋች። ደሙ ታየ።

እኔ በመውጋቱ ያጠፋሁትን ጊዜ እሷ በመሰናዳቱ ነው ያዋለችው። ቶሎ የጨረሰችው ግን እሷ ናት።

እጅ እንደ ምጣድ ይሟሻል። ማሟሻው ልምምድ ነው፤ በአሻንጉሊት ክንድም ቢሆን ደጋግሙ። ማሰሪያውን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዩት። ዕቃችሁን ሳታሟሉ ደግሞ የማንንም ክንድ አትሰሩ።

ሁለቴ ከሳታችሁ ሌላ ሰው ጥሩ። ይህ ሽንፈት አይደለም። እኔ ከሁለተኛው በኋላ ብጠራ ኖሮ ያ ልጅ ሁለት መርፌ ይቀርለት ነበር።