ከመንጋጋ ጥርሶች ሥር ጥቁር ጥላ ሲታይ፦ ጥርሱን ከመንካትህ በፊት

ወንድሜ የጥርስ ሐኪሙ፣ የ16 ዓመት ልጅ ታካሚህ ድሬ ላይ በተነሳው ፓኖራሚክ (መንጋጋውን በሙሉ የሚያሳይ) ራጅ ከታችኛው መንጋጋ ጥርሶቹ ሥር ጥቁር ጥላ ታይቶበታል፤ ሕመም የለውም፤ ሩት ካናል ይሠራለት ወይስ ይነቀል ነው ጥያቄህ። ለጊዜው ሁለቱም ይቅሩ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በቀዝቃዛ ፈትናቸው። ሁሉም ከተሰማቸው (ሕያው ናቸው ማለት ነው)፣ ጥላው በሥሮቹ መሃል ገባ ወጣ እያለ ከሄደና ሥሮቹ ካልተበሉ፣ ሲምፕል ቦን ሲስት ብለህ ጠርጥር፤ በዚህ ዕድሜ የሚበዛ፣ የኤፒተልየም (የውስጥ ሕዋስ) ሽፋን የሌለው ጉድጓድ ነው። ጥላው ከነርቩ ቦይ በታች፣ ወደ መንጋጋው ማዕዘን ከሆነ ግን የስታፍኒ ጉድጓድ (በመንጋጋው ውስጠኛ ገጽ ያለ፣ የማይጎዳ የአጥንት ስርጉድ) ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቢላ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ በመርፌ ስበህ ሳታይ አጥንት አትክፈት። 18 ጌጅ መርፌና 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይበቃል፤ አጥንቱ ጠንክሮ መርፌው እምቢ ካለ ፍላፑን (የድዱን ሽፋን) አንስተህ ጠባብ ቀዳዳ ሰርስር። አየር ወይም ጥቂት ቢጫማ ፈሳሽ ከመጣ ግምትህን ያጠናክራል። ነጭ ወፍራም ነገር ከመጣ ኬራቶሲስትን (በኬራቲን የተሞላ የመንጋጋ ሲስት) አስብ። ጠቆር ያለ ደም ሲሪንጁን በቀላሉ ከሞላው፣ በተለይ መንጋጋው በፍጥነት ካበጠ፣ አኒውሪዝማል ቦን ሲስት (በደም የተሞላ የአጥንት ጉድጓድ) ሊሆን ይችላል። ደማቅ ቀይ ደም ሲሪንጁን ራሱ እየገፋ ከመጣ ግን አቁም፤ ቦታውን ተጭነህ ያዝ። የደም ሥር እብጠት ከሆነ ክሊኒክ ወንበር ላይ መክፈት ልጁን ሊገድለው ይችላል። ደም የሚያወጡትን እነዚህን ሁለቱን ሲቲ አስነስተህ፣ ደም ወደሚዘጋጅበት ሆስፒታል፣ ለማክሲሎፌሻል (የመንጋጋና የፊት ቀዶ ጥገና) ሐኪም ላካቸው።

ባዶ ጉድጓድ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በ2% ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር አደንዝዝ፤ ስፌቱ ጤነኛ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ፍላፑን ሰፋ አድርግ፤ በሳላይን (በጨው ውሃ) እያቀዘቀዝክ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መስኮት ክፈት። ነርቩ ጉድጓዱ ውስጥ ራቁቱን ተንጠልጥሎ ሊገኝ ስለሚችል በዚያ በኩል ኪዩሬቱን (መፋቂያውን) አታስጠጋ። የሥሮቹን ጫፍም አትፋቅ፤ የሚመግባቸው ደም ሥር ከተቆረጠ ደህና የነበረው ጥርስ ይሞታል። የቀረውን ግድግዳ ደም እስኪያወጣ ፋቀው። መድኃኒቱ ያ ደም ነው፤ ይረጋል፣ ቀስ በቀስም በአጥንት ይተካል። ስለዚህ ጎዝ ሳትጠቀጥቅ ስፋው።

የተፋቀው ጥቂት ቢሆንም ለፓቶሎጂ (ለሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ይሂድ። የናሙናውን 10 እጥፍ በሚሆን 10% ፎርማሊን ወዲያው ክተተው፤ በድሬ ሙቀት በሳላይን ነክረህ ሐረር ድረስ ብትልከው መንገድ ላይ ይበላሻል።

ልጁ ጫት የሚቅም ከሆነ ቁስሉ እስኪድን እንዲተው ሳታፍር ንገረው። ራጁን በ6ኛውና በ12ኛው ወር ድገም። ጥላው እየጠበበ ከሆነ ተወው፤ በዓመቱም ካልጠበበ ወይም ሌላ ጥላ ከተጨመረ እንደገና ክፈትና ናሙና ውሰድ።